ስልኩ የእኛ፣ ቁልፉ የማን?

ጭሮ ውስጥ (አሰበ ተፈሪ ማለት የሚቀናችሁ በዚያው ቀጥሉ፤ በስም አንጣላም) «ሶፍትዌር» የሚለው ቃል የራሱ ትርጉም አለው። እኛ ኮድ እየጻፍን የምናድር ሰዎች ሶፍትዌር ስንል ሌሊት ተቀምጠን የምንጽፈውን፣ ጠዋት ተነስተን «ይሄን ደግሞ ማን ነው የጻፈው?» ብለን የምናማውን ነገር ማለታችን ነው። ሞባይል ሠሪው ግን ሶፍትዌር ሲል በሽታውንም መድኃኒቱንም ማለቱ ነው። ስልካችሁን ይቀበላል፣ ያገላብጣል፣ እንደ ሐኪም ትንሽ ዝም ይልና «አቦ ይሄ ሶፍትዌር ነው» ይላል። ምን ይሻለዋል ስትሉት «ሶፍትዌር መጫን ነዋ!»

እንስቃለን እንጂ ሰውየው ልክ ነው። እንዲያውም በዚህ አገር ሶፍትዌር ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቀው ሞባይል ሠሪው ነው ብንል አዲስ አበባ ያሉት የሙያ ወንድሞቻችን ይቀየሙን ይሆናል። ይቀየሙ። እኛ ሶፍትዌርን የምናውቀው በጤናው ቀን፣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ፣ ቡና አጠገቡ ተቀምጦለት ነው። እሱ የሚያውቀው ታሞ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ደንግጦ፣ ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን ረስቶት ነው። (ለነገሩ እኛም በሰፈር ያለን ክብር ይሄን ያህል አይደለም። ፕሮግራመር ነን ስንል የሚከተሉት ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፦ «የፌስቡክ ፓስወርድ ማውጣት ትችላላችሁ?» እና «ፕሪንተር ትሠራላችሁ?»። ሁለቱንም አንችልም። ፕሪንተር የሚችል ሰው በዓለም ላይ ያለም አይመስለን።)

ከሚኤሶ ቆላ ተነስታችሁ ወደ ጭሮ ብትወጡ፣ ወደ ሂርና ብትቀጥሉ፣ ወይም በቁኒ በኩል ወደ በዴሳና ገለምሶ ብትታጠፉ፣ በየከተማው ዋና መንገድ ዳር የመስታወት ሳጥኑን ይዞ የተቀመጠ ሞባይል ሠሪ አታጡም። ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይላል፦ ፍላሽ እናደርጋለን፣ ሎክ እንፈታለን፣ ሙዚቃ እንጭናለን። ዛሬ ማውራት የፈለግነው ስለ መካከለኛው ነው።

የሎክ ታሪክ ረጅም አይደለም። የስልክ ሌባ በዓለም ላይ ሲበዛ አፕል በ2013፣ ጉግል ደግሞ በ2015 ከአንድሮይድ 5.1 ጋር አንድ ዘዴ አመጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ስልኩም የሚቆጥረው እንደዚያ ነው።) ስልኩ ከባለቤቱ አካውንት ጋር ይታሰራል። ሌባው ወስዶ ሁሉንም ነገር ቢሰርዘው እንኳ ስልኩ እንደገና ሲነሳ «መጀመሪያ የነበረውን አካውንት አምጣ» ይላል። ካላመጣ ቀፎው ድንጋይ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ኪሱን የተዳበሰ ሰው ሁሉ ይመርቀዋል።

ችግሩ ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው በስርቆት ብቻ አለመሆኑ ነው። ስልክ ይወረሳል፣ ይሰጣል፣ ለሠርግ ይገዛል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአረብ አገር ይላካል። እህት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ባጠራቀመችው ሳምሰንግ ትገዛለች። ጥቂት ወራት ትጠቀምበትና ለወንድሟ ልትልክለት ታስባለች። ፎቶዎቿ እንዳይታዩባት ሁሉንም ትሰርዛለች፤ ጨዋ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። ስልኩ በመንገደኛ ሻንጣ አዲስ አበባ ይገባል፣ በአውቶቡስ ጭሮ ይደርሳል፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይከፈታል። ስልኩም ይነሳና የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃል። ወንድም ኢሞ ላይ ይደውላል። እህት ግን አካውንት የሚባለውን ነገር አታውቀውም፤ የከፈተላት የሸጠላት ልጅ ነው፣ በራሱ ኢሜይል፣ በሁለት ደቂቃ።

እንግዲህ ይህ ስልክ አልተሰረቀም። ተገዝቷል፣ ተከፍሎበታል፣ ተልኳል፣ ተመርቋል። መቆለፊያው ግን የሚያውቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በዚያ ጥያቄ ፊት ሌባውና ወንድምዬው አንድ ናቸው።

ቀጥሎ ያለው መንገድ የታወቀ ነው። ወደ መስታወት ሳጥኑ ይኬዳል። ሞባይል ሠሪው አንድሮይድ ከሆነ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኝና አንዱ ከአንዱ በቴሌግራም በሚቀባበሉት ፕሮግራም ይሞክረዋል። (ይህ ፕሮግራም ራሱ ብዙ ጊዜ የተሰበረ ቅጂ ነው፤ ቫይረስ ይዞ የሚመጣበትም ጊዜ አለ። መቆለፊያ ለመስበር የተሰበረ መሣሪያ። ይሄን የሚመስል ነገር በሌላ ሙያ መኖሩን እንጃ።) አንዳንዴ ይፈታል፣ አንዳንዴ አይፈታም። አይፎን ከሆነ ግን «አይክላውድ ነው» ብሎ በሁለት ጣቱ ይመልስላችኋል። ያ ስልክ ከተሰረዘ በኋላ የአፕል ሰርቨር «ይነሳ» ካላለው አይነሳም። እሺ እንግዲያው ስክሪኑን እንኳ ለመለዋወጫ እንጠቀምበት ብትሉ፣ በቅርብ ዓመታት የወጡት አይፎኖች ስክሪኑንና ካሜራውን ሳይቀር ከናት ቦርዱ ጋር በቁጥር ያጋቡታል፤ ከሌላ ስልክ አውጥታችሁ ብትገጥሙት ማስጠንቀቂያ እያሳየ ይነጫነጫል።

እኛ መቆለፊያ ይጥፋ የምንል ሰዎች አይደለንም። የቤታችን በር ቁልፍ አለው። ነገር ግን ቤት ሠርታችሁ፣ ገንዘቡን ቆጥራችሁ ከፍላችሁ ስታበቁ አናጢው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ «ስትገቡና ስትወጡ ደውሉልኝ፣ ለደኅንነታችሁ ነው» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ስለዚህ ክርክራችን መቆለፊያ ይኑር አይኑር አይደለም። ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነው ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ አዋሽን፣ መተሐራን አልፋችሁ አዳማ ከመግባታችሁ በፊት ወለንጪቲን ታልፋላችሁ። አብዛኛው ተሳፋሪ እዚያ ሲደርስ ተኝቷል። በ2012 ግን ይህ አካባቢ በቴክኖሎጂው ዓለም ስሙ ተጠርቶ ነበር። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚባሉት የኤምአይቲ ሰውና «ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅታቸው አንድ ሙከራ አደረጉ። አንዱ በወለንጪቲ በኩል፣ ሌላው ወንጪ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ የሆኑ ሁለት መንደሮች ተመረጡ፤ ለእያንዳንዳቸው ሃያ ያህል የሞቶሮላ ታብሌት ከፀሐይ ኃይል መሙያ ጋር ተሰጠ። ልጆቹ ማንበብ የማይችሉ፣ አስተማሪም የሌላቸው ነበሩ። ታብሌቱ ከነካርቶኑ፣ እንደታሸገ፣ ያለ ምንም መመሪያ ተቀመጠላቸው። ውስጡ የእንግሊዝኛ ፊደል ጨዋታዎች፣ መጻሕፍትና ፊልሞች ነበሩበት። በየሳምንቱ ሰው እየመጣ ልጆቹ ምን እንደሠሩ የመዘገበውን ሚሞሪ ካርድ ይለውጥ ነበር። (በእንግሊዝኛ ብቻ ለምን ሆነ ብላችሁ የምትጠይቁ እኛም ጠይቀናል።)

ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ እንደተናገሩት አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፊደል እየዘፈኑ ነበር። ይህን ሁሉም ሰው አጨበጨበለት። እኛ የምንወደው ክፍል ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ባለሙያዎቹ የታብሌቱን ካሜራ ዘግተውት ነበር፤ የፊት ገጹም እንዳይለወጥ የሚቆልፍ ሶፍትዌር ጭነውበታል። በአምስት ወር ውስጥ ልጆቹ ካሜራውን ከፈቱት። የፊት ገጹንም እያንዳንዱ እንደወደደው አደረገው፤ አንዱ ታብሌት ከሌላው አይመሳሰልም ነበር።

ያ መቆለፊያ የተጻፈው ዓለም በሚያከብራቸው መሐንዲሶች ነው። የፈቱት ደግሞ ከጥቂት ወራት በፊት የታተመ ፊደል ያላዩ ሕፃናት። ስለ ልጆቹ ብልህነት ብዙ ተጽፏል፣ ይገባቸዋል። እኛን የገረመን ግን ካሜራውን ለመዝጋት መጀመሪያ ማን አሰበ የሚለው ነው። ልጅ ካሜራ ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ፍየሉን ፎቶ ያነሳል፣ እናቱን ያነሳል፣ የራሱን አፍንጫ ያነሳል። ይህ ትምህርት አይደለም ያለው ማን ነው? ከሩቅ ሆኖ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ተጠቃሚውን ከሁሉ በፊት ሊያበላሽ የሚችል ፍጡር አድርጎ ማየት ይቀናዋል። የእኛ ሙያ በሽታ ይህ ነው፤ እኛም ኮድ ስንጽፍ በየቀኑ ይዞን ያድራል።

(ከተማችን ራሷ ለሙከራ አዲስ አይደለችም። በ1931 የወጣውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን አስተዳደር ሊያሳዩባት የሞከሩት አሰበ ተፈሪን ነው። የሙከራ ፕሮጀክት በደማችን አለ ማለት ነው።)

መቆለፊያው ለደኅንነታችሁ ነው ለሚሉን ደግሞ ሌላ ታሪክ አለን። በነሐሴ 2020 የስልክ ማጭበርበርን የሚከታተለው አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ ቴክኖ ደብልዩ 2 በተባለው ርካሽ ስልክ ውስጥ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ስልኩ ከካርቶኑ ሲወጣ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የተባሉ ሁለት ሌቦችን ይዞ ነበር። ሥራቸው ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶችን በስሙ መመዝገብ፣ ዳታውንና ካርዱን መብላት ነው። ከ200 ሺህ በላይ ስልኮች የተነሱ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶች ተቆጥረዋል። ስልኮቹ የተገኙባቸው አገሮች ተብለው የተጠሩት ጋና፣ ካሜሩን፣ ግብጽ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ እና አዎ፣ ኢትዮጵያ ነበሩ። አምራቹ ትራንሽን በበኩሉ ጥፋቱን ስሙን ባልጠራው የአቅርቦት ሰንሰለት አጋር ላይ አደረገው።

አሁን ሥራችሁን ትታችሁ ይህችን ነገር አስቡልን። ጭሮ ውስጥ አንዲት እናት «ካርድ እሞላለሁ፣ ሳልደውል ያልቃል» ብላ ብትመጣ ምን እንላታለን? ልጆችሽ ደውለውበት ይሆናል። ዳታ ሳትዘጊው አድሮ ይሆናል። ሌባው የስልኩ ሥር ውስጥ፣ ባለቤቲቱ እንድትነካው ባልተፈቀደላት ክፍል ተቀምጧል። ስልኩን ሙሉ በሙሉ ብትሰርዘውም አይወጣም። የማይነካው ክፍል የተቆለፈው በእሷ ላይ ነው፤ ለሌባው ግን ክፍት ነበር።

ይህን ሌባ ለማውጣት ያለው መንገድ ሞባይል ሠሪው ነው፤ ፍላሽ አድርጎ የስልኩን ሥር መለወጥ። ለዚህ ደግሞ ስልኩን መክፈት ያስፈልጋል። ተከፍቶ፣ ጸድቶ፣ ጤነኛ ሆኖ ሲመለስ አንዳንድ የባንክ አፖች ደርሰው «ስልክዎ ተነካክቷል፣ ደኅንነቱ አስተማማኝ ስላልሆነ አንሠራም» ይላሉ። ሌባው ውስጡ እያለ ሠርተዋል። ሌባው ሲወጣ አኮረፉ። እኛ የአፕ ሰዎች ይህን ስንጽፍ ያስብነው መልካም እንደሆነ እናውቃለን፤ ውጤቱ ግን ይህ ነው።

መንግሥትም ቁልፉን ለመያዝ ሞክሯል፣ አንሸሽገውም። በመስከረም 2017 ኢትዮ ቴሌኮም ያልተመዘገበ ቀፎ ኔትወርክ እንዳያገኝ የሚያደርግ ሥርዓት ጀመረ። ኮንትሮባንድን ለመቆጣጠርና ሌባን ለመያዝ ነው ተባለ። በኮንትሮባንድ መስመር ላይ ለተቀመጡት ለእኛ ከተሞች ነገሩ ምን ማለት እንደነበር መናገር አያሻንም፤ ሕጋዊውም ሕገወጡም ስልክ በአንድ ጠዋት መታወቂያ የሚጠየቅ መንገደኛ ሆነ። ኋላ ላይ ነገሩ ቀረ።

እዚህ ድረስ ስለ ቀፎው ነው። ዋናው ያሳሰበን ግን ስለ አፑ ነው፤ ምክንያቱም የሚመጣው ሎክ በዚያ በኩል ነው።

በእኛ ከተሞች አፕ የሚጓዘው በፕሌይ ስቶር ብቻ አይደለም። ፓኬጅ ውድ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ያወረደውን ሌላው በዜንደር ይቀበለዋል። የቁርኣን አፕ፣ የመዝሙር አፕ፣ የስምንተኛ ክፍል ጥያቄዎች የታጨቁበት አፕ፣ የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት፣ ሁሉም ከስልክ ወደ ስልክ ይዘላል። ሞባይል ሠሪው «ሙዚቃ እንጭናለን» ሲል አፕም እንጭናለን ማለቱ ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ ያለው መንገድ ይህ ብቻ ይሆናል። በሰኔ መጨረሻ 2020 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ አገሩ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ቆየ። በዚያ ጊዜ ከሩቅ ሰርቨር ፈቃድ ሳይጠይቅ የማይንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ቆመ፤ በእጅ የተላለፈው ግን ሠራ።

በነሐሴ 2025 ጉግል አዲስ ዕቅድ አስታወቀ። ሕጋዊ ማንነቱን ለጉግል ያላስመዘገበ ሰው የሠራው አፕ፣ ጉግል ያረጋገጣቸው አንድሮይድ ስልኮች ላይ እንዳይጫን ይደረጋል። ልብ በሉ፤ ፕሌይ ስቶር ላይ ብቻ አይደለም፣ በዜንደርም በቴሌግራምም የመጣው ጭምር ነው። በዕቅዱ መሠረት ከመስከረም 2026 ጀምሮ በብራዚል፣ በኢንዶኔዥያ፣ በሲንጋፖርና በታይላንድ፣ ከ2027 ጀምሮ ደግሞ በቀሪው ዓለም ነው። ምክንያቱም ተነግሯል፦ ከፕሌይ ስቶር ውጭ ከኢንተርኔት የሚጫኑት ዘንድ የሚገኘው ጎጂ ሶፍትዌር ከ50 እጥፍ በላይ ይበልጣል አሉ። ጩኸት ሲበዛ በኅዳር ወር ትንሽ ለዘብ አሉ፤ ለተማሪና በትርፍ ጊዜው ለሚሠራ ሰው ቀለል ያለ አካውንት እንደሚኖር፣ «ልምድ ያላቸው» ተጠቃሚዎችም አደጋውን አውቀው የሚጭኑበት መንገድ እንደሚበጅ ተናገሩ።

ሐቁን እንናገር፤ ማጭበርበር አለ። ሰው ገንዘቡን በስልኩ ይዞ በሚዞርበት ዘመን የሐሰት አፕ ቀልድ አይደለም። ሆኖም በእኛ አካባቢ ሰው ገንዘቡን ተበላ ሲባል የምንሰማው ታሪክ ብዙውን ጊዜ አፕ የለበትም። ስልክ ይደወላል፤ «ከባንክ ነው፣ አሁን የሚመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይባላል፤ ጨዋው ሰው ይናገራል። ይህን ማንም መቆለፊያ አይዘጋውም። ከላይ ያወራንለት ትሪያዳም ቢሆን በቴሌግራም የተላከ አፕ አልነበረም። ጉግል ራሱ በ2019 እንዳመነው ይህ ሌባ ስልኮች ገና ሲሠሩ ከፋብሪካው መስመር የሚገባ ነው። ደረሰኝ ይዞ፣ በዋናው በር።

ምዝገባው የሚይዘው ማንን ነው? አጭበርባሪው የሰው መታወቂያ ይገዛል፤ ይህን ለማወቅ ጠቢብ መሆን አያስፈልግም። የሚያዘው ገለምሶ ውስጥ ለቡና ነጋዴው አጎቱ የሂሳብ መያዣ አፕ የሠራው ልጅ ነው። አፑን ሃያ ሰው ይጠቀምበታል። ፕሌይ ስቶር ላይ ለመውጣት አንዴ የሚከፈል 25 ዶላር ያስፈልጋል፤ 25 ዶላሩ ብቻ ቢሆን ይገኝ ነበር፣ ከዶላሩ የሚብሰው በዶላር የሚከፍል ካርድ ማግኘት ነው። አሜሪካ ያለ ዘመድ ይፈለጋል፣ በሌሊት ይደወላል፣ «ካርድህን ለአንድ ደቂቃ» ይባላል። (አፕል ጋ ደግሞ በየዓመቱ 99 ዶላር ነው። እሱን አናነሳውም።) እስካሁን ይህ ልጅ ይህን ሁሉ ትቶ አፑን በብሉቱዝ ያድል ነበር። «ልምድ ያለው ተጠቃሚ» የሚባለው አጎቱ ነው ወይ? ማስጠንቀቂያው በማያነበው ቋንቋ በቀይ ሲወጣ አጎቱ ምን ያደርጋል? ስልኩን ለልጁ ይመልስለታል። አፑ እዚያ ያበቃል።

የአዲስ አበባው የስታርትአፕ መንደር ስለዚህ ነገር ብዙም አላወራም፤ አይገርመንም። የእነሱ አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ አለ፣ ካርድም አላቸው። ግን እግረ መንገዳችንን አንድ ቅሬታ እናስመዝግብ። አፕ የሚሠራው አዲስ ስልክ ላይ፣ በቢሮ ዋይፋይ፣ በሚያምር ስላይድ ነው። የሚሰቃየው ግን ሌላ ቦታ ነው። ጫት ከተለቀመ በኋላ በሰዓት የሚቆጠር ዕቃ ነው፤ ሲያድር ቅጠል ነው። ነጋዴው መኪናው ሞተር አስነስቶ እየጠበቀው ገንዘብ ሊልክ ስሙን የማንጠራውን አፕ ይከፍታል፤ አፑ «መጀመሪያ አዲሱን እትም ያውርዱ» ይለዋል። ስንት ሜጋባይት? ጥያቄው ራሱ ያናድዳል። አዲሱ እትም ምን ጨመረ? የቁልፉን ቀለም። ይህም ሎክ ነው፤ ሎክ ብለን አንጠራውም እንጂ።

መክፈት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለሚጠራጠር፣ ይህን ጽሑፍ የምታነቡበትን ፊደል ተመልከቱ። በ1990ዎቹ አማርኛ ኮምፒውተር ላይ የየድርጅቱ ንብረት ነበር። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ ያለ እነሱ በየቢሮው ደብዳቤ ባልተጻፈ። ነገር ግን አንዱ የጻፈውን ሌላው ያው ፊደል ካልተጫነለት ሲከፍተው የላቲን ፊደልና የነጥብ ቁርጥራጭ ይዘንብበት ነበር። ደብዳቤው ያለው የፊደሉ ባለቤት ጋ ነው። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን ሲያካትት ለእያንዳንዷ ፊደል ማንም የማይሸጠው፣ ማንም የማይቆልፈው ቁጥር ተሰጣት። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ መጣ። ዛሬ ሚኤሶ ላይ የተጻፈ አማርኛ ሜልቦርን ላይ እንዳለ ይነበባል። ቁቤ ደግሞ በላቲን ስለሆነ ይህ ችግር አልደረሰበትም፤ የእሱ ጣጣ ሌላ ነው። ኦሮምኛ ስትጽፉ ስልኩ እያንዳንዱን ቃል የተሳሳተ እንግሊዝኛ ነው ብሎ ያርመዋል። የጎረቤትን ልጅ ስም ሳይጠይቅ ከሚለውጥ አስተማሪ ምን ይለያል?

እንግዲህ ምን ይደረግ ትሉ ይሆናል። ሰማይ አንጠይቅም። አሜሪካ ውስጥ ኦሪገን የተባለው ክፍለ ግዛት በ2024 አምራቾች መለዋወጫን ከስልኩ ጋር በሶፍትዌር አጋብተው ጥገና እንዳይከለክሉ ሕግ አውጥቷል። አውሮፓ ኅብረት በዚያው ዓመት አፕል ሌሎች የአፕ መደብሮችን እንዲፈቅድ አስገድዶታል። በእኛ አገር ከ2019 ጀምሮ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚባል ተቋም አለ፤ ወደ አገር የሚገቡ የመገናኛ መሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ የሚያጸድቀው እሱ ነው። እዚያ ቅጽ ላይ ሁለት መስመር ይጨመርልን። አንደኛ፦ ከስልኩ ጋር የሚመጡት አፖች ዝርዝር ይገለጽ፣ ባለቤቱም ማጥፋት ይቻለው። ሁለተኛ፦ ባለቤቱ ደረሰኙን ይዞ ሲመጣ ሎኩን የሚፈታለት፣ አገር ውስጥ ያለ፣ አድራሻው የታወቀ ሰው ይኑር። ሳምሰንግም ቴክኖም እዚህ አገር በብዙ ይሸጣሉ፤ አንድ ጠረጴዛና አንድ ወንበር አያጡም። የሞባይል ሠሪዎቻችንን ሙያ ደግሞ ወንጀል የሚመስል ጥላ ውስጥ ከመተው ጭሮ ያለው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ በክረምት ጠርቶ ቢያስተምራቸው፣ ከዚያም ይልቅ ቢማርባቸው፣ ሁለቱም ያተርፉ ነበር።

እስከዚያው ከጅዳ፣ ከሪያድ፣ ከዱባይ ስልክ ለምትልኩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፦ ስልኩን ከመሰረዛችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አካውንቱን አውጡት፤ አይፎን ከሆነ «ፋይንድ ማይ» የሚለውን አጥፉት። መጀመሪያ አካውንት ማውጣት፣ ከዚያ መሰረዝ። አካውንቱን የከፈተላችሁ ባለሱቁ ከሆነ ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ አስጽፉትና ካርቶኑ ውስጥ ጨምራችሁ ላኩት። (የደኅንነት ባለሙያ ወዳጆቻችን ይህን ሲያነቡ ይጮሃሉ። ይጩሁ፤ ስልኩን ድንጋይ ሆኖ የሚቀበሉት እነሱ አይደሉም።) ሁለተኛ እጅ የምትገዙ ደግሞ ሻጩ አጠገባችሁ ቆሞ እያለ ስልኩን አሰርዙት፣ እንደገና አስነሱት፣ በራሳችሁ አካውንት ግቡ፣ ደውሉበት። ሻጩ «ቸኩያለሁ» ካላችሁ ስልኩን መልሱለት።